ከምርጫ ፈተና ወደ ባዶ ወረቀት፦ የኢንጂነሪንግ የመጀመሪያ ዓመት ከአራት ኪሎ እስከ ስድስት ኪሎ

የመጀመሪያውን ሚድ ፈተና የተቀበለ ፍሬሽ (የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ) የሚደነግጠው በጥያቄው ክብደት አይደለም። ርዕሱ አብዛኛው ከ11ኛና ከ12ኛ ክፍል የሚያውቀው ነው፤ ቬክተር፣ የኒውተን ሕጎች፣ ሎጂክ፣ ፈንክሽን። የሚያስደነግጠው ከጥያቄው ሥር የተተወው ግማሽ ገጽ ባዶ ቦታ ነው።

የ12ኛ ክፍል ፈተና ምርጫ ነበር። ሁለቱን መልስ በዓይን ጥሎ፣ የቀሩትን ጥያቄው ውስጥ እየተኩ ሞክሮ፣ አንዱን ይዞ ማለፍ ይቻል ነበር። ይህም ራሱን የቻለ ችሎታ ነው፣ አልንቀውም። ኢንጂነሪንግ ውስጥ ግን ማርኩ ያለው መልሱ ላይ ሳይሆን ወደ መልሱ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ቲቶሪያል ስሰጥም ሆነ ወረቀት ሳርም በየዓመቱ የማየው ይህንኑ ነው፦ ማትሪክ ላይ ጥሩ ነጥብ ያመጣ ልጅ ሐሳቡ ጭንቅላቱ ውስጥ እያለ፣ ሦስት መስመር ጽፎ፣ ከ10 ማርክ 3 ይዞ ይወጣል። ከጎኑ ያለው መካከለኛ ተማሪ የመጨረሻው ቁጥር ተሳስቶበት 8 ያገኛል። ፍሬሽ ዓመትን መልመድ ማለት በዋናነት ይህን ልማድ መቀየር ነው፤ ዶርሙም፣ ታክሲውም፣ ቴሌግራሙም የሚያግዙት ወይም የሚያደናቅፉት ይህን ሥራ ነው።

አንድ የፊዚክስ ጥያቄ እስከ መጨረሻው

ፊዚክስ ላይ ሁሌም የሚመጣ ጥያቄ እንውሰድ። 10 ኪሎ ግራም የሆነ ሳጥን 30 ዲግሪ ባዘነበለ ወለል ላይ ወደ ታች ይንሸራተታል፤ የፍሪክሽን ኮኤፊሸንቱ 0.2 ነው፤ አክስለሬሽኑ ስንት ነው?

መጀመሪያ ሳጥኑን ብቻውን ሳሉት፤ ወለሉን ተዉት። ፍሪ ቦዲ ዲያግራም የሚባለው ይህ ነው፣ ብዙ አራሚም ለብቻው ማርክ ይሰጠዋል። ሦስት ቀስት ብቻ ነው ያለው፦ ክብደቱ ቀጥታ ወደ ታች፣ ኖርማል ፎርስ ከወለሉ በቀጥታ ማዕዘን፣ ፍሪክሽን ከእንቅስቃሴው ተቃራኒ። አራተኛ ቀስት ጨምሮ «የሚገፋው ኃይል» የሚል ተማሪ ሞልቷል። እንዲህ ያለ ኃይል የለም፤ ወደ ታች የሚጎትተው ራሱ የክብደቱ ክፋይ ነው። ቀጥሎ አክሲሶቹን አዘንብሏቸው፤ አንዱ ከወለሉ ጋር ትይዩ፣ ሌላው ከወለሉ ቀጥ ያለ ይሁን። ከዚያ ለሁለቱም አቅጣጫ እኩልታውን በፊደል ጻፉ፣ ቁጥር ገና አታስገቡ። ቁጥር የሚገባው በመጨረሻው መስመር ነው፣ ከነዩኒቱ።

ግራቪቲን 9.8 ብንወስድ ክብደቱ 98 ኒውተን ነው። ኖርማል ፎርሱ 98 በኮሳይን 30 ተባዝቶ 84.9 ይሆናል፤ ፍሪክሽኑ የዚያ 0.2 እጅ፣ ማለትም 17 ኒውተን። ቁልቁል የሚጎትተው ክፋይ 98 በሳይን 30፣ 49 ኒውተን ነው። 49 ሲቀነስ 17፣ 32 ኒውተን፤ ለ10 ኪሎ ግራም ሲካፈል 3.2 ሜትር በሰከንድ ካሬ።

ስህተቱ የሚመጣው እዚህ ነው። ብዙው ተማሪ ኖርማል ፎርሱን በልማድ ከክብደቱ ጋር እኩል ያደርገዋል፤ ያኔ ፍሪክሽኑ 19.6፣ አክስለሬሽኑም 2.94 ይወጣል። 2.94 ሲያዩት ምንም የሚያስጠረጥር ነገር የለውም። ምርጫ ፈተና ቢሆን ከአራቱ መልሶች አንዱ እሱ በሆነ ነበር። ሳይንና ኮሳይን የተቀያየረበት ደግሞ 7.5 ያገኛል። ይህን የሚይዝ አጭር ማረጋገጫ አለ፦ ማዕዘኑን ዜሮ አድርጉት። ወለሉ ጠፍጣፋ ሲሆን ቁልቁል የሚጎትት ኃይል ዜሮ መሆን አለበት፤ የዜሮ ሳይን ዜሮ ነው፣ ስለዚህ ቁልቁለቱ ላይ የሚሄደው ሳይን ነው። በፊደል የጻፈ ሰው ይህን በአሥር ሰከንድ ያጣራል። ከመጀመሪያው መስመር ቁጥር ያስገባ ሰው ግን የሚያጣራበት ነገር የለውም፤ ለዚህ ነው ፊደል ፊደል የምለው።

ካልኩሌተር

እስከ 12ኛ ክፍል ፈተና ያለ ካልኩሌተር ነው የመጣችሁት። እዚህ አብዛኛው የሒሳብና የፊዚክስ ፈተና ይፈቅደዋል፣ መጠቀም ግን የሚያስተምር የለም። በግቢ ውስጥ በብዛት የሚታየው ካሲዮ ኤፍኤክስ-991 ኢኤስ ፕላስ ወይም እሱን አስመስሎ የተሠራ ነው። ከመክፈላችሁ በፊት ሁሉንም ቁልፍ ተጫኑ፤ ሳይን 30 ጽፋችሁ እኩል ስትሉት 0.5 ካልሰጠ ማሽኑ ተበላሽቷል ማለት ላይሆን ይችላል፣ ሬዲያን ላይ ሊሆን ይችላል። ሬዲያን ላይ ከሆነ ኔጌቲቭ 0.988 ይሰጣል። ይህ ሞዴል ላይ ሺፍት፣ ሞድ፣ 3 ወደ ዲግሪ ይመልሳል፤ ሺፍት፣ ሞድ፣ 4 ወደ ሬዲያን ይወስዳል። ፈተና ክፍል ገብታችሁ ስማችሁን እንደጻፋችሁ ሳይን 30ን ሞክሩ። ፊዚክስ ላይ ማዕዘኑ በዲግሪ ከተሰጠ ዲግሪ፤ ካልኩለስ ላይ ሳይንን ኢንተግሬት ስታደርጉ ሬዲያን።

ሞድ፣ 5 የእኩልታ ክፍል ነው፦ 1 ሁለት ያልታወቁ፣ 2 ሦስት ያልታወቁ፣ 3 ኳድራቲክ፣ 4 ኪዩቢክ። ሞድ፣ 6 ማትሪክስ ነው። ሁለተኛ ሴሚስተር አፕላይድ ሒሳብ ውስጥ የሮው ሪዳክሽን (የማትሪክስን ረድፎች እያባዙና እያቀናነሱ እኩልታ የመፍታት ዘዴ) ጥያቄ ሲመጣ ማሽኑ መልሱን በግማሽ ደቂቃ ይሰጣችኋል፣ ማርክ ግን አይሰጣችሁም፤ ማርኩ በየረድፉ የጻፋችሁት ነው። ትክክለኛ አጠቃቀሙ በእጅ ሠርቶ ሲጨርሱ ማመሳከር ነው። ሮው ሪዳክሽን ላይ የሚጥለው ሐሳብ ሳይሆን የመቀነስ ምልክት ነው። ስለዚህ በየመስመሩ ከጎን ምን እንዳደረጋችሁ ጻፉ፤ «ሁለተኛው ረድፍ ሲቀነስ የመጀመሪያው ሦስት እጥፍ» እያላችሁ። ስታጣሩ ስህተቱን ታገኙታላችሁ፣ አራሚውም ሐሳባችሁን ያገኘዋል።

ካልኩሌተር በእርግጠኝነት የሚዋሽበት አንድ ቦታ አለ፣ ፍሬሽ ሒሳብ ውስጥ በየዓመቱ ሰው ይወድቅበታል። የኮምፕሌክስ ቁጥር አርጊዩመንት ነው፣ ማለትም ቁጥሩ ግራፍ ላይ ከአግድሙ አክሲስ ጋር የሚሠራው ማዕዘን። ኔጌቲቭ 1 ሲደመር አይ የሚለውን ቁጥር ወደ ፖላር ቀይሩ ሲባል፣ ተማሪው 1ን ለኔጌቲቭ 1 አካፍሎ የታንጀንት ኢንቨርስ ሲያወጣ ማሽኑ ኔጌቲቭ 45 ይላል። ነጥቡ ግን ሁለተኛው ኳድራንት ውስጥ ነው፣ ትክክለኛው 135 ነው። የታንጀንት ኢንቨርስ ሁልጊዜ ከኔጌቲቭ 90 እስከ 90 ባለው ውስጥ ብቻ ስለሚመልስ፣ ሪያል ክፍሉ ኔጌቲቭ ሲሆን 180 መደመር የእናንተ ሥራ ነው። ይህን ቁጥር በዴ ሙዋቭር ቀመር አምስተኛ ፓወር አድርጉ ቢባል ትክክለኛው መልስ 4 ሲቀነስ 4 አይ ነው፤ በኔጌቲቭ 45 የሠራው ኔጌቲቭ 4 ሲደመር 4 አይ ያገኛል። መጠኑ ልክ፣ ምልክቱ ግልብጥ። መፍትሔው ከምንም ነገር በፊት ነጥቡን ግራፍ ላይ ማስቀመጥ ነው፤ ባዶው ቦታ የተሰጠው ለዚህ ነው።

ሰዓቱ ከየት ይመጣል

የኮርሱ ወረቀት ላይ ኢሲቲኤስ የሚል ቁጥር አለ፣ ማንም አያነበውም። በኛ አገር ካሪኩለሞች አንድ ኢሲቲኤስ 27 ሰዓት ያህል የተማሪ ሥራ ተብሎ ይታሰባል፤ ክፍልም፣ ላብም (የላቦራቶሪ ሥራ)፣ የግል ጥናትም ተደምሮ። 5 ኢሲቲኤስ ያለው ኮርስ 135 ሰዓት ነው፤ ለ16 ሳምንት ሲካፈል በሳምንት 8 ሰዓት ተኩል ገደማ። ክፍል ውስጥ ሦስት ወይም አራቱን ትጨርሳላችሁ፤ የቀረው የእናንተ ነው። ሴሚስተሩ 30 ኢሲቲኤስ ከሆነ በሳምንት 50 ሰዓት ይሆናል፣ የሙሉ ጊዜ ሥራ ማለት ነው። በፈተና ሳምንት ሌሊት ቸክሎ ማለፍ የማይሠራው በዚህ ሒሳብ ነው። ሎጂክና ጂኦግራፊን ምናልባት ይሞከር ይሆናል፤ ኢንተግሬሽንን ግን ማንም በሁለት ሌሊት እጁን አላስለመደም።

ጂኦግራፊን ካነሳሁ አይቀር። የኢንጂነሪንግ ፍሬሾች ከሚያደርጉት ነገር ሁሉ የሚያናድደኝ ሳይኮሎጂን፣ ክሪቲካል ቲንኪንግን፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊን «የሶሻል ኮርስ ነው» ብሎ መናቅ ነው። እነዚህ አብዛኛውን ጊዜ ከሒሳብና ከፊዚክስ ጋር እኩል 5 ኢሲቲኤስ አላቸው። ሒሳብ ሲ ፕላስ (2.5)፣ ፊዚክስ ቢ ማይነስ (2.75)፣ እንግሊዝኛ ቢ ፕላስ (3.5)፣ ሳይኮሎጂ ኤ ማይነስ (3.75)፣ ጂኦግራፊ ኤ (4.0)፣ ክሪቲካል ቲንኪንግ ቢ (3.0) ያመጣ ልጅ፣ ስድስቱም እኩል ክብደት ካላቸው፣ ድምሩ 19.5 ነው፤ ለስድስት ሲካፈል 3.25። ያው ልጅ ሦስቱን ኮርሶች ንቆ በሦስቱም ሲ ቢያመጣ 2.46 ላይ ይወርዳል፣ በሒሳብና በፊዚክስ ምንም ሳይለወጥ። ዲፓርትመንት ስትመርጡ ደግሞ የምትወዳደሩት በዚህ ቁጥር ነው። ለእነዚህ ኮርሶች በየሳምንቱ ሞጁሉን አንድ ጊዜ ማንበብና አሳይመንቱን በሰዓቱ ማስገባት ይበቃል። ፊዚካል ፊትነስ ማለፍና መውደቅ ብቻ ነው ያለው፤ ቢሆንም በመቅረት ብዛት ሲወድቁበት ታይቷል፣ የሚያሳፍር ውድቀት ነው።

ለሒሳብና ለፊዚክስ የሚሠራው አካሄድ ይህ ነው። ክፍል ውስጥ የተሠራውን ምሳሌ በዚያው ቀን ማታ፣ ደብተሩን ዘግታችሁ፣ በባዶ ወረቀት ላይ እንደገና ሥሩት። 40 ደቂቃ አይፈጅም። የምትቆሙበትን መስመር ምልክት አድርጉበት፣ ከዚያ ብቻ ደብተሩን ክፈቱ። ወርክሺት ሲሰጥ የመጀመሪያዎቹን አምስት ጥያቄዎች በሁለት ቀን ውስጥ ሞክሩ፤ መምህሩ ገና ርዕሱ ላይ እያለ መጠየቅ የምትችሉት ያኔ ነው። ቅዳሜ ሳምንቱን በሙሉ አገናኙት። ሌላውን ቀን እንደፈለጋችሁ አድርጉት።

በቴሌግራም ቻናሎች ያለፉ ዓመታት ፈተናዎች እንደ ጉድ ይዘዋወራሉ። ጥቅማቸው ትልቅ ነው፣ አጠቃቀማቸው ግን ብዙውን ጊዜ የተሳሳተ። የተሠራውን መልስ አብሮ ማንበብ የገባችሁ ያስመስላል፤ እጃችሁ ግን ምንም አልተማረም። ሰዓት ሙሉ፣ ስልኩን አርቁ፣ በተሰጠው ጊዜ ጨርሱ፣ ከዚያ አርሙ። የሚዘዋወረው መልስ ራሱ ብዙ ጊዜ ስህተት አለበት፤ ከእናንተ ጋር ካልተገናኘ እናንተ ተሳስታችኋል ብላችሁ አትደምድሙ፣ መልሱን ወደ ጥያቄው መልሳችሁ ተኩ። የፈተናው ቅርፅ ከመምህር መምህር ስለሚለያይ ደግሞ የራሳችሁ መምህር ያወጣውን ፈልጉ።

የት ማጥናት፣ እንዴት መመላለስ

በዚህ አካባቢ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች በአንድ መስመር ላይ ናቸው፦ አራት ኪሎ ሳይንሱ፣ አምስት ኪሎ ቴክኖሎጂው፣ ስድስት ኪሎ ዋናው ግቢ። አርክቴክቸርና ሕንፃ ግንባታ ለብቻው ልደታ ነው። ከአራት ኪሎ ስድስት ኪሎ 1.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ዳገት። ክፍላችሁ አንዱ ጋ ሆኖ ማጥኛችሁ ሌላው ጋ ከሆነ በሁለት ክፍል መሃል ባለው አንድ ሰዓት ውስጥ አትመላለሱ፤ ሰዓቱ በመንገድ ያልቃል።

ስድስት ኪሎ ያለው የኬኔዲ ቤተ መጻሕፍት ለረጅም ንባብ ጥሩ ነው። አራት ኪሎ ላይ በ2014 የተከፈተው አብርሆት ደግሞ ለማንም ክፍት ስለሆነ ከግቢ ውጭ ለሚኖሩ ተማሪዎች ትልቅ እፎይታ ነው። ፈተና ሲቃረብ ግን ሁለቱም ይሞላሉ፣ በጠዋት ካልሄዳችሁ ቦታ አታገኙም። ሒሳብ ለመሥራት እኔ የምመርጠው ከትምህርት ሰዓት በኋላ ባዶ የቀረ ክፍል ነው። ነጭ ሰሌዳ አለ፤ ቆሞ መጻፍ ደግሞ ፈተና ላይ የሚጠየቀውን ነገር ራሱን ያለማምዳል። ዶርም ለእንቅልፍ ነው። ዶርም ውስጥ ሒሳብ የሚሠራ ሰው አይቻለሁ፣ ብዙ ግን አይደሉም።

ከቤት የምትመላለሱ ከሆነ ዋናው ጠላት የማታ ሰልፍ ነው። ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ታክሲ መያዝ ከአንድ ወርክሺት የበለጠ ጊዜ ሊበላ ይችላል። ሁለት አማራጭ አለ፦ ከ10 ሰዓት በፊት መውጣት ወይም ሰልፉ እስኪያልቅ ግቢ ተቀምጦ የዕለቱን ሥራ እዚያው መጨረስ። ሁለተኛው ይሻላል፣ ቤት ከገቡ በኋላ እራትና ድካም አለ። ማታ ብቻችሁን የምትሄዱበት ሰፈር ከሆነ ግን የመጀመሪያውን ምረጡ። በቃሊቲ መስመር በባቡር የሚመጣ ሰው ምኒልክ አደባባይ ወርዶ ወደ አራት ኪሎ በእግር ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ይፈጅበታል፤ የእግረኛ መንገዱ ከተሠራ ወዲህ ጥሩ ነው፣ ታክሲ ከመጠበቅም ይፈጥናል። በምሳ ሰዓት እርጥብ በልቶ መዋል ለኪስ ደግ ነው። ከ8 ሰዓት ላብ በፊት ግን ደህና ነገር ብሉ፤ ላብ ረጅም ነው።

ላብ፣ ኮድና ስዕል

ላብ ሪፖርት ላይ ማርክ የሚቆረጠው በብዛት «ስህተቱ የሰው ስህተት ነው» በሚል አንድ መስመር ነው። የትኛው ሰው፣ የትኛው ስህተት፣ ስንት? ፔንዱለምን እንውሰድ። አንድ ሜትር ገመድ ላይ አንድ ውዝዋዜ 2 ሰከንድ ያህል ይወስዳል። በእጅ ሰዓት ስትይዙ ጣታችሁ 0.2 ሰከንድ ገደማ ይዘገያል፤ አንድ ውዝዋዜ ብቻ ከለካችሁ ስህተቱ 10 በመቶ ነው። 20 ውዝዋዜ በአንድ ላይ ለክታችሁ ለ20 ካካፈላችሁ ያው 0.2 ሰከንድ በ40 ሰከንድ ላይ ተዘርግቶ ግማሽ በመቶ ይሆናል። ርዝመቱን ከመስቀያው እስከ ኳሱ መሃል ለኩ፣ እስከ ኳሱ አናት አይደለም። ከ10 ዲግሪ በላይ አትጎትቱት፣ ቀመሩ የሚሠራው ለትንሽ ማዕዘን ነው። ከዚያ የፔሬድን (የአንድ ውዝዋዜ ጊዜ) ካሬ ከርዝመቱ ጋር ግራፍ ላይ አስቀምጡ፤ መስመሩ ቀጥ ያለ ሆኖ ስሎፑ 4.03 አካባቢ ከመጣ በደንብ ሠርታችኋል።

እዚህ ላይ አንድ የከተማችን ነገር አለ። አራት ኪሎ ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ ነው፣ ለምድር ወገብም ቅርብ ነን፤ ግራቪቲ እዚህ 9.77 ወይም 9.78 አካባቢ ነው። 9.77 ያገኘ ተማሪ መጽሐፉ 9.81 ስላለ ብቻ ዳታውን ሲያጣምም ማየት ያሳዝናል። በኬሚስትሪም ያው ነው፦ የአየር ግፊታችን ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ስለሆነ ውሃ እዚህ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ቴርሞሜትሩ 100 ሳይደርስ ውሃው ቢፈላ ቴርሞሜትሩን አትውቀሱ፤ ምክንያቱን ሪፖርቱ ላይ ጻፉት፣ ማርክ ያመጣል።

ፕሮግራሚንግ በብዙ ግቢ ሲ ፕላስ ፕላስ ነው፣ ፈተናውም ብዙ ጊዜ በወረቀት ነው። ኮምፒውተር ላይ ስህተቱን ማሽኑ ያሳያችኋል፣ ወረቀት ላይ ማንም አያሳያችሁም። ሦስት ነገር ደጋግሞ ይጥላል። አንደኛ፣ ኢንቲጀር ማካፈል፦ ሴልሺየስን ወደ ፋራናይት ሲቀይሩ 9 ሲካፈል 5 ብላችሁ በሙሉ ቁጥር ከጻፋችሁ ማሽኑ 1.8 ሳይሆን 1 ያደርገዋል፤ 100 ዲግሪ 212 መሆኑ ቀርቶ 132 ይወጣል። 9.0 ብላችሁ ጻፉት። ሁለተኛ፣ ማነጻጸሪያ ውስጥ እኩል ምልክትን አንድ ጊዜ ብቻ መጻፍ፤ ያ ማነጻጸር ሳይሆን ዋጋ መስጠት ነው። ሦስተኛ፣ ሉፑን ከዜሮ ጀምሮ «እኩል ወይም ያነሰ» ብሎ አንድ ዙር ማብዛት። «የዚህ ኮድ ውጤት ምንድን ነው» የሚል ጥያቄ ሲመጣ በጭንቅላት አትሥሩት፤ ለየቫሪያብሉ አንድ አንድ ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ ሠርታችሁ በየዙሩ ዋጋውን ጻፉ። ላፕቶፕ የሌለው ሰው በስልክ ላይ በሚሠራ የሲ ፕላስ ፕላስ አፕ መለማመድ ይችላል፣ ለዚህ ደረጃ ከበቂ በላይ ነው። ለፍሬሽ ዓመት ተብሎ ቤተሰብን አስጨንቆ ላፕቶፕ ማስገዛት አያስፈልግም።

ኢንጂነሪንግ ድሮዊንግ በአንዳንዱ ቦታ እስከ ሁለተኛ ዓመት ይቆያል። ሲመጣ የሚያስፈልገው ኤ3 ወረቀት (297 በ420 ሚሊ ሜትር)፣ ቲ ስኩዌር፣ የ45 እና የ30-60 ሴት ስኩዌር፣ የማይላላ ኮምፓስ፣ 2ኤች እና ኤችቢ እርሳስ፣ ማስኪንግ ቴፕ ነው። ስኮች አትጠቀሙ፣ ሲነሳ ወረቀቱን ይልጣል። በ2ኤች ቀለል አድርጋችሁ ሁሉንም አስምሩ፣ ስትጨርሱ ብቻ የሚታየውን ጠርዝ በኤችቢ አድምቁ። ከመጀመሪያው አድምቆ የጀመረ ሰው ወረቀቱ በላጲስ ይጠቁራል። መምህሩ ፈርስት አንግል ወይስ ሰርድ አንግል (እይታዎችን ወረቀት ላይ የማስቀመጫ ሁለቱ ደንቦች) እንደሚፈልግ ጠይቁ፤ በፈርስት አንግል የላዩ እይታ ከፊተኛው በታች ይቀመጣል፣ በሰርድ አንግል ከላይ። ያንን ያቀያየረ ስዕል መስመሩ ቢያምርም ስህተት ነው።

ሰዎችና ወረቀቶች

የጥናት ቡድን ሦስት ወይም አራት ሰው ይብቃው። ከዚያ በላይ ሲሆን ወሬ ይሆናል። ሁሉም ለየብቻው ሞክሮ ይምጣ፤ ቡድኑ የሚሠራው የተጣበቃችሁበትን ለመፍታት ነው። መምህር ቢሮ ስትሄዱ «ዶክተር፣ ይሄ ርዕስ አልገባኝም» ብላችሁ አትግቡ፤ የሞከራችሁበትን ወረቀት ይዛችሁ «እዚህ መስመር ድረስ መጥቻለሁ፣ ከዚህ አልሄድ አለኝ፣ ቢያዩልኝ» በሉ። መምህራን ከሚታሙት በላይ ደግ ናቸው፣ ባዶ እጅ ለመጣ ሰው ግን የሚነግሩት ነገር የላቸውም። ፈተና ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው ቢሮው በር ላይ ሰልፍ አለ፤ በሦስተኛው ሳምንት ማንም የለም።

የሬጅስትራር ነገር አሰልቺ ቢሆንም በማርክ የማይመለስ ጉዳት የሚመጣው ከዚያ ነው። ምዝገባ ካለቀ በኋላ ስሊፓችሁ ላይ ሁሉም ኮርስ መኖሩን፣ ስማችሁም መምህሩ በያዘው ዝርዝር ውስጥ መግባቱን አይታችሁ አረጋግጡ። ፈተና ቀን ከታመማችሁ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ሄዳችሁ ማስረጃ አውጡ፤ ሁለት ቀን ቆይቶ የተጻፈ ማስረጃ ብዙ ጊዜ ተቀባይነት አያገኝም። ሴሚስተሩን መቀጠል ካልቻላችሁ ዊዝድሮዋል (ትምህርት የማቋረጫ) ፎርም ሳትሞሉ ወደ ቤት አትሂዱ። ፎርም ሞልቶ የወጣ ሰው ተመልሶ ይገባል፤ ዝም ብሎ የጠፋ ሰው በየኮርሱ ኤፍ ይጠብቀዋል። ለመመረቅ ድምር ውጤቱ ቢያንስ 2.00 መሆን ስላለበት፣ የመጀመሪያ ዓመት ኤፍ እስከ መጨረሻው ዓመት የሚጎተት ዕዳ ነው። ማስጠንቀቂያና ስንብት የሚጀምርበትን መስመር ከጓደኛ አትስሙ፤ ከግቢያችሁ ሌጅስሌሽን (መተዳደሪያ ደንብ) ራሳችሁ አንብቡት።

ውጤት ሲለቀቅ ቅሬታ ካላችሁ ወረቀታችሁን ለማየት በተሰጠው ቀን ውስጥ ጠይቁ። ስታዩት ከመምህሩ ጋር በሐሳብ አትከራከሩ። መጀመሪያ በየጥያቄው የተሰጠውን ማርክ ራሳችሁ ደምሩት፣ ከዚያ ወረቀቱን ገልብጡ፤ የሚስተካከል ስህተት ብዙ ጊዜ የሚገኘው በተሳሳተ ድምር ወይም ከጀርባ ተጽፎ ሳይታረም በቀረ ገጽ ላይ ነው። መልሳችሁን ከጀርባ ከቀጠላችሁ ደግሞ ከፊት «ከጀርባ ይቀጥላል» ብላችሁ በጉልህ ጻፉ።